ለአማራሪው ባልደረባዬ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ የሌሊቱን ተረኛ ልተካ ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል ስገባ፣ የ24 ሕሙማን ርክክብ በ4 ደቂቃ፣ የአንድ ነርስ ብሶት ርክክብ ደግሞ በ35 ደቂቃ ተፈጸመልኝ። እኚህ ባልደረባ ማን እንደሆኑ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ በሽተኛ በሚታከምበትም ሆነ አረጋዊ በሚጦርበት ቤት ሁሉ አንድ አይጠፋምና፣ አንባቢ የራሱን አማራሪ በዓይነ ሕሊናው ይዞ ይከተለኝ።

የርክክቡን ጥራት ሳላደንቅ አላልፍም። የ7 ቁጥሩ ሕመምተኛ ጉሉኮስ በስንት ሰዓት እንዳለቀ ባይነገረኝም፣ ጓንት ከማክሰኞ ጀምሮ እንደጠፋ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደዘገየ፣ የክበቡ ሻይ እንደቀጠነ፣ የቀን ተረኞች ሰነፎች እንደሆኑ፣ እኔም ከቀን ተረኞቹ አንዷ ብሆን ንግግሩ እንደማይመለከተኝ፣ አንድም ሳይዘለል በቅደም ተከተል ተነግሮኛል። የሕሙማኑ መዝገብ በዚህ ትጋት ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ለተማሪ ማስተማሪያ ይሆን ነበር።

እንዲህ ባለ በረከት መሀል የሚሠራ ሰው መጠለያ ያሻዋል፤ የእኔን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። የልብ ምት የምትቆጥር ነርስን ማንም አያናግራትም፤ ሕጉን አማራሪው እንኳ ያከብረዋል። ምቱ የተስተካከለ ከሆነ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት እንደሚበቃ ተምረናል፤ እኔ ግን ሙሉ 60 ሰከንድ እቆጥራለሁ። ቀጥዬ ትንፋሽ እቆጥራለሁ፣ እርሱም 60 ሰከንድ ነው። ባልደረባዬ አፋቸውን እንደከፈቱ ቆመው ሲጠብቁኝ፣ የግራው እጅ ምት ከቀኙ ጋር መመሳከር እንዳለበት ትዝ ይለኛል። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው በምሻገርባት ቅጽበት ስለ ደረጃ ዕድገት አንድ ዐረፍተ ነገር ያስገባሉ፣ እኔም የሚቀጥለውን እጅ ለቀም አደርጋለሁ። ለስኳር ሕመም የተኙ አንድ አባት በአንድ ፈረቃ 5 ጊዜ ከቆጠርኩላቸው በኋላ እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልቤ ምን ሆነ?» ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አባባ፣ የእርስዎ 72 ነው፤ የታመመው የእኔ ነው» ማለት እንዴት ይቻላል? የክፍላችን ክትትል በግምገማ ተመስግኗል። ባለፈው ሳምንት ግን ሕመምተኛው ወጥቶ ባዶ በቀረ አልጋ አጠገብ፣ ሰዓቴን እያየሁ ትራስ ስቆጥር ተገኝቻለሁ።

በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን ልደቷ የነርሶች ቀን ሆኖ የሚከበርላት ፍሎረንስ ናይቲንጌል፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በሕመምተኛ ክፍል ውስጥ መንሾካሾክን አጥብቃ ትነቅፋለች። ባልደረባዬ ምክሯን ከሁላችንም በላይ ፈጽመዋል፤ አንሾካሹከው አያውቁም፣ የሚናገሩት ኮሪደሩ ድረስ እንዲሰማ ነው።

በ11 ቁጥር አልጋ ላይ አንዲት እናት ነበሩ። ስትሮክ አንደበታቸውን ይዞታል፤ ገላቸው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋቸው ነበር። እኚህ ሰው ከራስጌያቸው ቆመው፣ ልጃቸው ፔርሙስ እንደያዘች እየሰማች፣ «እኚህ ሴትዮ መቼ ይሆን የሚያሳርፉን?» አሉ። የተያዘው አንደበታቸው ነው እንጂ ጆሯቸው አይደለም! የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ ያዘገዩት እሳቸው አይደሉም፤ ጓንቱንም እሳቸው አልደበቁትም። በዚያ ክፍል ውስጥ መልስ መስጠት የማይችሉት አንድ ሰው ተመርጠው ብሶቱ ሁሉ በእሳቸው ላይ ተራገፈ። ያን ቀን ምት አልቆጠርኩም፤ ከልጃቸው ጋር ሆነን አገላበጥናቸው፣ እሷም እኔም ቃል አልተነፈስንም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የባልደረባዬ አቤቱታ አብዛኛው እውነት መሆኑን አልክድም፤ ጓንት በእርግጥ የለም፣ ክፍያውም በእርግጥ ዘግይቷል። የሚያስደንቀኝ፣ ይህ ሁሉ እውነት መፍትሔ ሊሰጥ ከሚችል ሰው ጆሮ እንዳይደርስ የሚያደርጉለት ጥንቃቄ ነው። አስታማሚ ሰምቶታል፤ የጽዳት ሠራተኞች በቃላቸው ያውቁታል፤ ለሁለት ሳምንት ልምምድ የመጡ ተማሪዎችም ሙያውን ሳይጀምሩት እንዲጠሉት ተደርገዋል። ዓርብ ዕለት ግን የነርሶች ኃላፊያችን ሜትሮኗ ሁላችንንም ሰብስበው «ችግር ያለው ይናገር» ሲሉ፣ ባልደረባዬ እጃቸውን አጣጥፈው «ኧረ በጣም ደህና ነን፣ ምንም የለም» አሉና በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ።

የጓንቱን ጉዳይ ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። ከአዳራሹ ስንወጣ ባልደረባዬ ጠጋ ብለው፣ «ሲስተር፣ አንቺ ደግሞ ስብሰባ ታስረዝሚያለሽ» ሲሉ ወቀሱኝ፤ ወቀሳው እስከ ደረጃው መጨረሻ ቀጠለ። ዛሬ ማታ አብረን ተረኞች ነን። ለሰዓቴ አዲስ ባትሪ አስገብቻለሁ።