መዘምራኑ ለጌጥ አልተቀጠሩም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የኤፍኤም ጣቢያ የሚተላለፍ የሙዚቃ ዝግጅት የፎሪነር ባንድን ዝነኛ ፓወር ባላድ (በለስላሳ ጀምሮ እየጎላ የሚሄድ የሮክ የፍቅር ዘፈን)፣ «አይ ዎንት ቱ ኖው ዋት ላቭ ኢዝ»ን (ፍቅር ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ) አንስቶ ነበር። አዘጋጁ ዘፈኑን እስከ መጀመሪያው አዝማች ብቻ አሰምቶ ካቋረጠው በኋላ ፍርዱን ሰጠ። ዘፈኑ በካምፓኒ ስሌት ተመጥኖ የተሠራ የገበያ ዕቃ ነው አለ፤ ከኋላ የሚሰሙት መዘምራን ደግሞ ነፍስ ያለው እንዲመስል በገንዘብ የመጡ ጌጦች ናቸው አለ። ሦስተኛው ክሱ ከሁሉም የከፋ ነው። እንግሊዞች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለተራበው ወገናችን ዕርዳታ የተሰባሰቡ ድምፃውያን የዘፈኑትን የባንድ ኤይድ ዜማ ከአንደኛ ደረጃ አውርደው በምትኩ ይህን የፍቅር ዘፈን ማስቀመጣቸው፣ ሐዘናቸው ከአምስት ሳምንት እንዳላለፈ ማስረጃ ነው ሲል ደመደመ።

ከዚህ ከመጨረሻው ልነሳ፤ በሙታን ስም የቀረበ ክስ ያለ መልስ ሊታለፍ አይገባውምና። የፎሪነር ዘፈን በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ባንድ ኤይድን ተክቶ አንደኛ የወጣው በ1977 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የባንድ ኤይድ ዜማ ከርዕሱ («ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?») ጀምሮ የገና ዘፈን ነበር። የፈረንጆች ገና ካለፈ ሳምንታት በኋላ የገና ዘፈን ከሰንጠረዥ አናት መውረዱን የጭካኔ ምልክት አድርጎ ማቅረብ፣ ስለ ሙዚቃ ገበያ ምንም ያለማወቅ ነው፤ አውቆ ከሆነም አድማጭን መናቅ ነው። ያ ዜማ በብሪታንያ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ደግሞስ ሐዘኑ አበቃ የተባለው መቼ ነው? የፎሪነር ዘፈን በብሪታንያ ሰንጠረዥ አናት ላይ በነበረባቸው በእነዚያው ሦስት ሳምንታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1985 ሌሊት፣ የአሜሪካ ድምፃውያን ሎስ አንጀለስ ተሰብስበው ለዚያው ረሃብ የራሳቸውን መዝሙር ይቀርጹ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ለዚያው ረሃብ ዕርዳታ የተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን ተካሄደ። በኮረም የሞቱትን ወገኖቻችንን ለአንድ ዘፈን መክሰሻ ማድረግ ለእነርሱ መቆርቆር አይደለም።

የካምፓኒ ስሌት ነው የተባለውም ቢሆን በታሪኩ ፊት አይቆምም። ፎሪነር እ.ኤ.አ. በ1976 ኒው ዮርክ ውስጥ ሦስት እንግሊዛውያንና ሦስት አሜሪካውያን ሆነው ያቋቋሙት፣ በኃይለኛ የሮክ ዘፈኖች ስም ያተረፈ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ለስላሳ ዘፈን በአሜሪካ ሰንጠረዥ ለአሥር ሳምንታት ሁለተኛ ሆኖ ቆይቶ አንደኛ ሳይወጣ ቀርቷል። የሚያሰላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያንኑ ቀመር ጥቂት አሻሽሎ ይደግመው ነበር። ጊታር ተጫዋቹ ሚክ ጆንስ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንደመጣለት የሚናገረውን ዜማ ይዞ የሄደው ማንም ወዳልጠበቀው ወደ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነው። ድምፃዊው ሉ ግራም በበኩሉ ለስላሳ ዘፈን ሲበዛ የባንዱን የሮክ ስም ያጠፋዋል ብሎ በግልጽ ይሰጋ ነበር። ለገበያ ብቻ በተመጠነ ዕቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ስጋት ምን ይሠራል? የባንዱ ሙዚቃ አሳታሚ የአትላንቲክ ሪከርድስ መሥራች አህመት ኤርቴጉን ዘፈኑን ሲሰማ እንባው እንደመጣ ጆንስ ደጋግሞ ተናግሯል። ሬይ ቻርልስንና አሬታ ፍራንክሊንን ያስቀረጸ ሰው በማስታወቂያ ብልሃት አያለቅስም።

ወደ መዘምራኑ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። እነዚህ ሰዎች የኒው ጀርሲ ማስ ኳየር መዘምራን ናቸው፤ ይመራቸው የነበረው ዶኒ ሃርፐር ነው፤ ድምፃዊት ጄኒፈር ሆሊደይም በድምፅ አግዛለች። ጆንስ እንደሚተርከው የመጀመሪያዎቹ ቀረጻዎች አልሠመሩም፤ ድምፁ ነበረ፣ ዘፈኑ ግን አልመጣም። ከዚያ መዘምራኑ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ክብ ሠርተው ቆመው «አባታችን ሆይ» ጸለዩ። ቀጥሎ የተቀረጸው ዛሬ የምንሰማው ነው። ጆንስ ወላጆቹ በተገኙበት በዚያ ክፍል ውስጥ አለቀሰ። ከቀረጻ በፊት ክብ ሠርቶ የሚጸልይ ጌጥ እኔ አላውቅም።

ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው እንኳን ዘፈኑን እስከ ፍጻሜው ቢያዳምጥ የመዘምራኑን ቦታ በጆሮው ያገኘዋል። ዘፈኑ ሲጀምር የቶምፕሰን ትዊንስ ባንድ አባል ቶም ቤይሊ ከተጫወታቸው የሲንተሳይዘር ድምፆች ጋር የሚሄድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው የሚያንጎራጉር አንድ ድምፃዊ አለ። የሚናገረው ድካሙን ነው፤ የተሸከመውን ነው። አዝማቹ ሲመጣ ደግሞ መግለጫ ሳይሆን ልመና ሆኖ ይመጣል፦ ፍቅርን አያውቀውም፣ ማወቅ ይፈልጋል፣ አሳዩኝ ይላል። ይህ ልመና በአንድ ሰው አፍ ብቻ ቢቀር የአንድ ሰው የልብ ስብራት ሆኖ ይቀር ነበር። መዘምራኑ ሲገቡ ግን ልመናው የጉባኤ ይሆናል፤ ግራም ከአዝማቹ ወጥቶ በላዩ ላይ እንደፈለገ ሲጮኽ፣ ሲለምን፣ ሲወድቅና ሲነሳ እነርሱ ከሥር ይዘውት ይቆማሉ። ግራም በሌሎች የባንዱ ዘፈኖች ላይ እንዲህ ራሱን ሲለቅ አልተሰማም፤ የለቀቀው የሚይዘው ስላገኘ ነው። በመሪና በተቀባይ ዜማ ያደገ የእኛ አገር አድማጭ ይህን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም፤ ተቀባዩ ከተነሳ መሪው የሚያዜመው ነገር ሌላ ይሆናል። ስለዚህ መዘምራኑን ጌጥ ማለት ጣሪያውን የተሸከመውን ምሰሶ ጌጥ ማለት ነው። መዘምራኑ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ዘፈኑን ቆርጦ በዘፈኑ ላይ መፍረድ ደግሞ ከስህተትም በላይ ነው፤ ሙያን ማቃለል ነው።

አዘጋጁ «ሮክን ከቤተ ክርስቲያን ምን አገናኘው?» ሲልም ሰማሁ። እዚያ የተወለደ ነገር ነው! አሜሪካዊቷ ዘማሪና ጊታር ተጫዋች ሲስተር ሮዜታ ታርፕ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንፈሳዊ መዝሙር በጊታር ስታስቀርጽ፣ በኋላም ያንን ጊታር በኤሌክትሪክ ስታስጮኸው ሮክ የሚባል ስም ገና አልወጣም። ኤልቪስ ፕሪስሊ ተወዳድሮ ያሸነፋቸው ሦስቱም የግራሚ ሽልማቶች በመንፈሳዊ መዝሙር ያገኛቸው ናቸው። ስለዚህ ፎሪነር መዘምራንን ሲጠራ ሮክን አልከዳም፤ ወደ አባቱ ቤት መለሰው እንጂ።

ባንዱ ውስጥ በዚህ ዘፈን የተነሳ ጠብ እንደነበረ አልደብቅም። በደራሲነት የተጻፈው የጆንስ ስም ብቻ ነው፤ ግራም ድርሻ እንደነበረውና እንዳልተሰጠው በአደባባይ ተናግሯል። የገንዘብ ጠብ ግን በሥራው ዋጋ ላይ የሚነሳ እንጂ ሥራው ሐሰት መሆኑን የሚያሳይ አይደለም። ያው ግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባንዱ ለዓመታት ተገፍቶ ከቆየ በኋላ ክሊቭላንድ ላይ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገባ፣ ከኬሊ ክላርክሰን ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ የዘፈነው ይህንኑ ለስሙ የሰጋበትን ዘፈን ነው።

ባንዱ በሁለቱም አገሮች ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣበት ነጠላ ዜማ ይህ ብቻ ነው፤ ከብሪታንያው ጥቂት ሳምንታት በኋላ በአሜሪካም የማዶናን ዘፈን ተክቶ አናት ላይ ወጥቷል። አዘጋጁ ይህን ስኬት የቀመር ውጤት ነው ካለ፣ መዘምራኑ ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ያስረዳን። ክፍያቸውን ተቀብለው አልተበተኑም። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ያንኑ ዘፈን በራሳቸው ድምፅና በራሳቸው ስም ቀርጸው፣ የአልበማቸው መጠሪያ አድርገው፣ መዝሙር ለሚሰማው ለገዛ ሕዝባቸው አወጡት።