ከካርዱ በላይ የሚጎዳው የማሽኑ ጥያቄ ነው

ስለ ጉዞ ካርዶች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ አሜሪካ ለምንኖርና ለእረፍት አውሮፓ ለምንሄድ «የውጭ ግብይት ክፍያ የሌለበት ካርድ ያዙ» ማለታችሁ ትክክል ነው። ብዙ ባንኮች ውጭ አገር በሚደረግ በእያንዳንዱ ግዢ ላይ እስከ 3 በመቶ ይቆርጣሉ፤ 2,000 ዶላር ላወጣ ቤተሰብ 60 ዶላር በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ካፒታል ዋን የተባለው ባንክ በክሬዲት ካርዶቹ ላይ ይህን አያስከፍልም።

ግን ጽሑፋችሁ ዋናውን ነገር ዘሎታል። ተጓዦች ሆይ፣ ሮም ሆቴል ስትከፍሉ የካርድ ማሽኑ ሁለት ቁጥር ያሳያችኋል፤ አንዱ በዩሮ፣ አንዱ በዶላር። ዶላሩን ስለምናውቀው እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። እሱን ከነካችሁ ምንዛሬውን የሚተምነው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ መሆኑ ይቀርና ከሻጩ ጋር የሚሠራው ድርጅት ይሆናል፤ ትርፉንም እዚያው ላይ ይጭናል። ክፍያ የሌለበት ካርድ መያዛችሁ ከዚህ አያድናችሁም! ሁልጊዜ በዩሮ ክፈሉ። አስተናጋጁ ሳይጠይቃችሁ ዶላሩን ከመረጠ፣ እባካችሁ አትፈሩ፤ አሰርዙትና እንደገና በዩሮ ያስከፍላችሁ። መብታችሁ ነው። ኤቲኤምም ያንኑ ይጠይቃል፤ የራሱን ምንዛሬ እንቢ ብትሉትም ገንዘቡን ይሰጣችኋል።

ሌላው፣ በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ አታውጡ፤ ወለዱ የሚቆጥረው ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው፣ ክፍያም አለው። ለጥሬ ገንዘብ ዴቢት ካርድ ይሻላል። ቻርልስ ሽዋብ የተባለው የአሜሪካ የፋይናንስ ድርጅት ዴቢት ካርድ የውጭ ኤቲኤሞች የሚቆርጡትን ክፍያ እንኳ ይመልሳል። አገር ቤት ለምትሄዱ ደግሞ ይሄ የበለጠ ይጠቅማል፤ ታክሲውም ጉሊቱም በካርድ አይሠራም።