ምሰሶ የሌለው ጎጆ

ካናዳ ስለሚኖር ዘመድ ሲወራ አገር ቤት ቶሎ የሚነሳው የበረዶ ቤት ነው፤ የሰሜን ሰው ዕድሜ ልኩን እዚያ ውስጥ የሚኖር ይመስለናል። በሰሜኑ ነባር ሕዝብ፣ በኢኑይቶች ቋንቋ ግን «ኢግሉ» ማንኛውም ቤት ነው፣ የእንጨቱም ጭምር። የበረዶው «ኢግሉቪያቅ» ይባላል። በብዛት ይሠሩት የነበሩት የመካከለኛው የካናዳ አርክቲክ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ለክረምቱ ብቻ። በጋውን የሚያሳልፉት በቆዳ ድንኳን ነበር።

ሥራው የሚጀምረው በረዶ በመምረጥ ነው። የሚፈለገው በአንድ ማዕበል ወርዶ ነፋስ የጠቀጠቀው ክምር ነው። በቀጭን ዘንግ ይወጋል፤ ዘንጉ ከላይ እስከ ታች እኩል ከገባ ጥሩ ነው። በተለያየ ጊዜ የተከመረ ከሆነ ንብርብሩ ላይ ይሰነጠቃል፤ አዲስ የወረደው ደግሞ እጅ ላይ ይፈርሳል። በበረዶ ቢላ ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር የሚረዝም፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር የሚወፍር ብሎኬት ይቆረጣል። ግንበኛው ውስጥ ቆሞ ከእግሩ ሥር ስለሚቆርጥ ግድግዳው ከፍ ሲል ወለሉ ዝቅ ይላል። የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ ጥቂቶቹ ብሎኬቶች በሰያፍ ይከረከሙና ግንቡ በዚያ ተንደርድሮ፣ ሊጥ ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መሃል እንደሚዞር፣ ሳይቋረጥ እየዞረ ይወጣል። እያንዳንዱ ብሎኬት ወደ ውስጥ ጋደል ብሎ ከሥሩና ከጎኑ ያለውን ይደገፋል፤ ምሰሶም ማገርም የለም። ቅርጹ ልክ ግማሽ ኳስ ከሆነ ጣሪያው እያደር ይጎብጣል፤ ስለዚህ ሾጠጥ ይደረጋል። የመጨረሻው ብሎኬት ከቀዳዳው ሰፋ ብሎ ይቆረጥና በጎኑ ወደ ውጭ ይሾልካል፤ ከዚያ ከውስጥ እየተጠረበ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ስንጥቁ በለስላሳ በረዶ ይመረጋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ መደቡ ነው። የእኛም የገጠር ቤት መደብ አለው። እዚህ ግን መግቢያው ከመደቡ ዝቅ ብሎ ስለሚቆፈር ቀዝቃዛው አየር ወደዚያ ይወርዳል፤ ሰው የሚተኛው ሙቀቱ በሚሰበሰብበት ከፍታ ላይ ነው። «ቁሊቅ» በሚሉት፣ «ሲል» የሚባለው የባሕር እንስሳ ስብ በሚነድበት የድንጋይ ኩራዝና በሰው ትንፋሽ፣ ውጭው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ ዜሮ አካባቢ ይሆናል። ግድግዳው በቆዳ ከተሸፈነ ከዚያም በላይ ይሞቃል።

አደጋውን እኛ በከሰል እናውቀዋለን። እሳቱ የውስጡን ግድግዳ ያቀልጠዋል፤ መልሶ ሲረጋ ቤቱ ይጠነክራል፣ አየር ማስገባቱ ግን ይቀንሳል። በዚህ ላይ ጣሪያው ላይ የተተወችው ቀዳዳ በበረዶ ከተደፈነች፣ በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ቤተሰብ የሚደርስበት ይደርሳል። ከኩራዙ ይልቅ የቤንዚን ምድጃ ሲገባ ጥንቃቄው የግድ ይበረታል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኢኑይቶች ወደ ቋሚ መንደሮች ሲሰባሰቡ ከደቡብ የተጫነ የእንጨት ቤት ተተከለላቸው። ዛሬ የሰሜን ካናዳ ግዛት በሆነችው በኑናቩት የቤት እጥረቱ ከባድ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ተፋፍጎ ይኖራል። ወደ በረዶው ቤት ይመለሱ የሚል የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ዕውቀቱ ነው። እኛም ጎጆን የድህነት ምልክት አድርገን በቆርቆሮ ስንተካው፣ ቀን የሚያጋየውን ሌሊት የሚያንቀጠቅጠውን ጣሪያ ስንመርጥ፣ የሣር ክዳን የሚያውቁ እጆች እያነሱ ነው። እዚያ በሰሜኑ ሽማግሌዎች ለወጣቶች አሠራሩን ያስተምራሉ፤ በረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር የሚወጣ አዳኝም ቢላውን ይዞ ይሄዳል፤ ሞተሩ ሜዳ ላይ ሲቆም፣ ድንኳኑን ነፋስ ሲቀድደው፣ የሠለጠነ ሰው በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያድርበት ቤት ያቆማል።