ዝናቡስ ይዝነብ፣ ፎቶ አንሺው ግን!

የእህቴ ሠርግ ግንቦት ላይ ነበር፤ ዝናብ ጣለ። ይጣል! አክስቶቼ «በረከት ነው» ብለው እልል አሉ፤ እኔም አሜን አልኩ። የበልግ ዝናብ እስከ ግንቦት ሊዘልቅ እንደሚችል አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ባለሙያ ተብሎ፣ ቀብድ ተቀብሎ፣ አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ጃንጥላ እንኳን ሳይዝ የሚመጣ ሰው ምን ይባላል? ሙሽሮቹ የባንክ ማስታወቂያ በታተመበት ጥቁር ጃንጥላ ሥር ቆሙ። አልበሙ ውስጥ ከሙሽራዋ ፊት ይልቅ የባንኩ ስም ጎልቶ ይነበባል!

እሱ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በሰማዩ ያላክካል፤ «ብርሃን የለም» ይላል። እንዴት የለም? ደመና እኮ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር የምትጥለውን ጥቁር ጥላ ያስቀራል። ፍላሹን ከሙሽሮቹ ጀርባ ቢያቆመው ጠብታው ሁሉ ባበራ ነበር። እሱ ግን ከፊት ለፊት ለቀቀብን፤ የተረፈን ፊታቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተበተነበት ምስል ነው። ቬሎው በፓርኩ ጭቃ መጎተቱንስ ተዉት (የሆቴሉ ሰፊ በረንዳ ባዶውን ቆሞ ነበር)። ቀሪ ክፍያውን ግን የዚያኑ ዕለት ማታ መጥቶ ጠየቀ፤ ለዚህስ ዝናቡ አላገደውም።