ማስተካከያ፦ ስለ ሦስተኛው የትሪጎኖሜትሪ ማረጋገጫ

ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር በሚገኘው የማጠናከሪያ ክፍላችን ባደልኩት ወረቀት ላይ፣ የማንኛውም ማዕዘን ሳይን ከ1 ላይ የኮሳይኑ ስኩዌር ሲቀነስ ከሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ጋር ምንጊዜም እኩል ነው ብዬ «አረጋግጬ» ነበር። ይህ ስህተት ነው። ያገኘችውም ጣና ዳር ተቀምጣ ስታጠና 270 ዲግሪን የሞከረች ተማሪ ናት፤ በግራ በኩል ‑1፣ በቀኝ በኩል 1 መጣላት። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሊመሰገን ይገባዋል።

ጥፋቱ ከማረጋገጫው አካሄድ ነው። ሁለቱንም ወገን ስኩዌር አድርጌ የሳይን ስኩዌርና የኮሳይን ስኩዌር ድምር 1 መሆኑ ላይ ደረስኩ፤ ነገር ግን ስኩዌር ማድረግ የመቀነስን ምልክት ያጠፋል። ‑1ም 1ም ስኩዌራቸው አንድ ነው፤ ከዚያ ወደኋላ መመለስ አይቻልም። ደግሞም ሊረጋገጥ የተፈለገውን እኩልነት አስቀድሞ እንደ እውነት ይዞ መነሳት ማረጋገጫ አይባልም። ከአንዱ ወገን ብቻ ተነስቶ፣ በታወቁ አይደንቲቲዎች (ለማንኛውም ማዕዘን እውነት በሆኑ እኩልነቶች) እየተኩ ሌላው ወገን ላይ መድረስ ይሻላል።

ስለዚህ በግራ በኩል ያለው «ሳይን» የሚለው «የሳይን ፍጹም ዋጋ» (የመቀነስ ምልክት ካለው ምልክቱ ሲነሳ የሚቀረው ቁጥር) ተብሎ ይታረም። ከ0 እስከ 180 ዲግሪ ላሉ ማዕዘኖች ሳይን ኔጌቲቭ ስለማይሆን የቀድሞው አጻጻፍም ይሠራል። ሌሎቹ ጥያቄዎች እንዳሉ ናቸው።