አባል ሲለቅ ቅንብሩ አብሮት እንዳይሄድ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ወጣት ባንድ ሲበተን «ጊታሪስቱ አዲስ አበባ ገባ» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል። ሰው መልቀቁ ብቻውን ግን ባንድ አያፈርስም። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ኪንግ ክሪምሰን እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያ አልበሙን ከሠሩት አባላት እስከ መጨረሻው የዘለቀለት ሮበርት ፍሪፕ ብቻ ነው፤ ባንዱ ግን በአዳዲስ ሰዎች አሥርት ዓመታትን ተሻግሯል። ሌላው የእንግሊዝ ባንድ ጀነሲስም እ.ኤ.አ. በ1975 ድምፃዊው ፒተር ገብርኤል ሲለቅ ድራመሩን ፊል ኮሊንስን ማይክ አስይዞ ቀጠለ። የእኛዎቹን የሚበትናቸው ቅንብሩ የትም ሳይጻፍና ሳይቀረጽ በአባላቱ ጭንቅላት ብቻ መኖሩ ነው። አንዱ ሲወጣ የዘፈኑን ሩብ ይዞ ይወጣል።

በችክችካ ምት ለሚሄድ የሠርግ ዘፈን ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ ጥሩ ድራመር በአንድ ማታ ይገባበታል። ምቱ ከሰባት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ስድስት በሚገለባበጥ ፕሮግረሲቭ ሮክ ላይ ግን መሸጋገሪያውን ያልያዘ አንድ ሰው ሌሎቹን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ጃኖ ባንድ ሮክን ከሀገርኛ ቅኝት ጋር አዋዶ ካሳየ ወዲህ በዚህ መንገድ መሄድ ለሚፈልጉ የጎጃም ልጆች ይህ ዋናው ጉዳይ ነው።

«ድራመሩ አለን ዋይት «የስ» (Yes) የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ሲቀላቀል ሁሉን በሦስት ቀን አጥንቶ አልነበረም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የቀድሞው ድራመር ቢል ብሩፎርድ ለቆ ሲሄድ ዋይት ከአሜሪካው ጉዞ በፊት የነበረው ሦስት ቀን ብቻ ነበር፤ በ2022 እስኪሞትም የባንዱ አባል ነበር። ነገር ግን ዋይት ደጋግሞ የሚሰማው፣ በስቱዲዮ በጥራት የተቀረጸ አልበም ነበረው። የእኛ ባንዶች አብዛኞቹ ያላቸው በስልክ የተቀዳ ልምምድ ነው። በዚያ ቅጂ ላይ ሲምባሉ ሁሉን ይሸፍናል፣ ቤዙ ከነጭራሹ አይሰማም።

መፍትሔው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። የሚለቀው አባል ከመሄዱ በፊት አንድ ሙሉ ልምምድ ከሚክሰሩ በቀጥታ ይቀረጽ። የእሱ መሣሪያ የገባበት ቻናል ፓኑ (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚወስደው ቁልፍ) ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ ይዙር፣ የሌሎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ። ባለሁለት መስመር ቀረጻ ብቻ ያለው ሚክሰር ይበቃል። ተተኪው በግራ ጆሮው የቀድሞውን ሰው አጨዋወት ለብቻው ያጠናል፤ ሲለምደው ግራውን ዘግቶ ከቀኙ ጋር ይጫወታል። ድራም ከሆነ ሁሉም ከበሮዎች በማይክ መያዝ አለባቸው፤ አለዚያ ያልተያዘው ከበሮ በግራ አይሰማም፣ በድምፃዊው ማይክ ሾልኮ በቀኝ በኩል ብቻ ይገባል። ከቅጂው ጋር ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ገጽ ይጻፍ፦ ቅኝቱ፣ ፍጥነቱ፣ የትኛው ክፍል ስንት ባር (አንድ ሙሉ የምት ዙር) እንደሆነ፣ መሸጋገሪያውን ምልክት የሚሰጠው ማን እንደሆነ። ኪቦርዲስቱ የሚለቀው የራሱን ኪቦርድ ይዞ ከሆነ ያዘጋጃቸው ድምፆች አብረውት ይሄዳሉ፤ ወደ ሌላ ሞዴል በፍላሽ ማዛወርም አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ተቀርጾ ይቀመጥ።

አዲስ ድራመር የሚሰናከልበት ቦታ የታወቀ ነው። ሰባት ምት ያለው ክፍል፣ ሁለት ሁለት ሦስት ተብሎ እየተቆጠረ ቆይቶ፣ ወደ ስድስቱ ችክችካ ይገባል እንበል። እኩል መቆየት ያለባት ትንሿ ምት፣ ማለትም እያንዳንዷ የምትቆጠረው ምት ናት። ችክችካ ውስጥ ያደገ እጅ ግን ባሩን እኩል ማድረግ ይቀናዋል። ትንሿ ምት በደቂቃ 210 ከሆነች የሰባቱ ባር ሁለት ሴኮንድ ይፈጃል፤ ድራመሩ ስድስቱንም በሁለት ሴኮንድ ሲዘረጋው ፍጥነቱ ወደ 180 ይወርዳል። ጊታሩ በ210 ይቀጥላል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ትርምስ ነው። ስለዚህ ሙሉ ዘፈኑን ሃያ ጊዜ ከመደጋገም፣ ከመሸጋገሪያው በፊት ያሉትን ሁለት ባሮችና ከእሱ በኋላ ያሉትን ሁለት ብቻ ከቤዙ ጋር መሥራት ይሻላል፤ መጀመሪያ በጭብጨባ፣ ቀጥሎ በመሣሪያ።

ድምፃዊ ሲቀየር ደግሞ ጣጣው ክራሩ ላይ ነው። አዲሱ ድምፃዊ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ መዝፈን ከፈለገ ኪቦርድ አንድ ቁልፍ በመጫን ዝቅ ይላል፤ ክራር ግን እንደገና መቃኘት አለበት፣ ሕዝቡም ቆሞ ይጠብቃል። የመድረኩ ቅደም ተከተል በቅኝት ቢደረደር፣ ትዝታዎቹ አንድ ላይ፣ ባቲዎቹ አንድ ላይ፣ ይህ ሁሉ ይቀላል። አቅም ካለ ሁለተኛ ክራር መያዝ ነው።

ሰው የሚቀየርበት ጊዜም አለው። ጎጃም ውስጥ ከጥምቀት በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት እንጀራ የሚገኝበት ነው፤ በዚያ መሀል አዲስ ሰው ማስገባት በራስ ላይ መፍረድ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሠርግ የለም፣ ዘፈኑም ይቀዘቅዛል። በሳምንት ሦስት ቀን ቢለማመዱ ከሃያ በላይ ልምምድ ይወጣዋል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሥራ ሲመጣ ባንዱ ዝግጁ ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከባሕር ዳር በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሌላ 300 ገደማ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስላለ፣ በሥራው ዕለት እንደርሳለን ብሎ መነሣት አያዋጣም። ሲዘገይ መጀመሪያ የሚቀረው ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ፍተሻ) ነው፤ ሳውንድ ቼክን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ደግሞ አዲሱ አባል ነው። ከደጀን ወርዶ ዓባይ በረሃን ለሚያቋርጥ የማሲንቆው ቆዳ በሙቀቱና በብርዱ ይለዋወጣል፤ ማሲንቆና ከበሮ ኮስተሩ ውስጥ እንጂ ጣሪያው ላይ አይጫኑ። ከወረዱም በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይቆዩ አይቃኙ።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ተተኪው ለመድረኩ ብቻ ሳይሆን ለልምምዱም ይከፈለው። ለልምምድ ያልተከፈለው ሰው ሌላ ሥራ ሲያገኝ ልምምዱን ይተዋል፣ አይፈረድበትምም። ከሚለቀው ጋር ደግሞ አስቀድሞ በወረቀት መስማማት ያስፈልጋል፦ አንድ ወር ቀደም ብሎ ያሳውቅ፣ ቅጂውንና የዘፈኖቹን ገጾች አስረክቦ በዚያው ቀን ቀሪ ድርሻውን ሳይጎድል ይቀበል።