እርማት፦ የአላዲን ጂኒ ምኞት አይቆጥርም

ወንድሜ፣ ትናንት ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ ብር ለጠየቀህ ልጅ «እኔ የአላዲን ጂኒ ነኝ እንዴ? እሱ እንኳ የሚሰጠው ሦስት ምኞት ብቻ ነው» አልከው። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። ግን ልክ አይደለም።

በቀደመው ተረት ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ጂኒው ፋኖሱን የያዘ ሰው አገልጋይ ነው። ፋኖሱ በታሸ ቁጥር ይመጣል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። ምግብ አምጣ ሲሉት ያመጣል። ቤተ መንግሥት ሥራ ሲሉት በአንድ ሌሊት ይሠራል። ፋኖሱ ሌላ እጅ ከገባ ደግሞ ያንን ሰው ያገለግላል፤ አላዲን ጉድ የሆነውም በዚሁ ነው። ያኔ የደረሰለት ሁለተኛው፣ ጣቱ ላይ ያጠለቀው ቀለበት ጂኒ ነው። እሱን ሰው ሁሉ ረስቶታል፤ እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ተረቱን በ1709 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለፈረንሳዊው የ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ተረቶች ተርጓሚ ለአንቷን ጋላን የነገረው ሐና ድያብ የሚባል የሶርያ፣ የሐለብ ሰው ነበር። «ሦስት» የምትለዋ ከሌሎች ተረቶች ተቀላቅላ በፊልም የገነነች ናት።

የእኛም ሰዎች ቢሆኑ «ውቃቢው ራቀው» ይላሉ እንጂ «ምኞቱን ጨረሰ» አይሉም።